ታጥቦ ጭቃ

ነጩን ማልያ ለዚህ ክለብ የመረጠው ሰው፣
ሊቀመንበሩ፣ ነፍሱን ይማረው፣
አንድ ቀን እንኳ ጭቃ አጥቦ አያውቅም።
እኔ ግን አውቀዋለሁ። የሜሪፖርት ጭቃ በዋዛ አይለቅም፤
ከሰል አለበት፣ ጨው አለበት፣
የሁለት ሰፈር ልጆች ቂም አለበት።
ጎረቤቴ አይሪስ «ያንቺስ ሥራ ታጥቦ ጭቃ ነው» ትለኛለች፤
እውነቷን ነው፤ ግን እሷም ሳህን ስታጥብ ትውላለች።

ዊልፍ ትዌድልን መጀመሪያ ያወቅሁት
በመልኩ አይደለም፣ በቁጥሩ ነው።
አሥራ አምስት፤ ተቀያሪ። ማልያው እሑድ ማታ
እንደ ሄደ መጣ፣ እጥፋቱ ሳይፈታ።
«ምነው ሁሉም እንዳንተ ቢሆኑልኝ!» ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።
በሳምንቱ በሩ ላይ ቆመ፤ በሩ ጠበበው፤
አንገቱን ትከሻው ውስጥ ማን እንደ ቀበረው!
«ወይዘሮ ሂዊትሰን» አለ፣ ቆቡን በጣቱ እያዞረ፣
«የሚቀጥለውን አቆሽሸዋለሁ።»
ቃሉንም አከበረ።

ስምንት ቁጥር ሆነ። ስምንት ቁጥር ማለት
ኳስ አቅፎ ሄዶ ግድግዳ በግንባር መምታት።
ይሮጣል። ሦስት ሆነው ይጥሉታል።
ይነሣና ኳሷን በተረከዙ ወደ ኋላ ይልካታል፤
አራት ሜትር አተረፈ፤ ያቺን አራት ሜትር
ሌላው ይበላታል።
ስድስቴ ነው የሚፈቀደው፤ ስድስተኛው ካለፈ
ኳሷ የባላጋራ ናት፤ ያኔ ጣዩ እሱ ነው፤
መውደቅም መጣልም ለዊልፍ ሥራው አንድ ነው።
ከመስመሩ ማዶ ኳስ ያሳረፈው በዕድሜው ሰባት ጊዜ።
የክንፍ ልጆች ነበሩ ጋዜጣ ላይ የሚወጡት፣
ጸጉራቸው እንደ ተበጠረ።
ጋዜጣ ይሳሳታል። አጣቢ አትሳሳትም።

ሰኞ ሰኞ ስምንት ቁጥርን ለብቻው እዘፈዝፋለሁ፣
በቀዝቃዛ ውሃ፣ ጭብጥ ጨው እጨምራለሁ፤
ደም ሙቅ ውሃ ከነካው ቤቱን ይሠራል።
አንገትጌው ላይ ያለው የራሱ፣
እጅጌው ላይ ያለው የሰው።
የሰው ዕድል በግንባሩ ተጽፏል ይባል የለ?
የዊልፍን ግን ዶክተር ፍሌሚንግ በመርፌ ጻፈው፣
ሰረዘው፣ ደለዘው፣ በላዩ ደግሞ ጻፈው፣
መስተዋት ፊት ቢቆም እሱ ራሱ እስከማያነበው።

እኔ ማልያውን ሳሰጣ እሱ ዋይትሄቨን ወርዷል፣
ከባሕሩ ወለል በታች ከሰል ይቆፍራል፣
አንድ ዐይኑ አብጦ ተዘግቶ፤
በዚያ ጨለማ ሁለተኛው ምን ይሠራለታል?
ሲያሸንፉ ሃያ ፓውንድ፣ ሲሸነፉ ስድስት፤
ረቡዕ በፖስታ ትሰጣለች።
ሚስቱ ፖስታዋን በብርሃን ታያታለች፣ ሳትከፍታት ታውቃለች።

አንድ ክረምት ከተራራው ማዶ ካፖርት የለበሰ ሰው መጣ፤
ዊልፍ ሄደ። ሁለት ዓመት።
እዚያ ማልያውን ማን ያጥብለት እንደ ነበር አላውቅም።
ቅናት ነበረብኝ። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

ሲመለስ አንድ ጉልበቱን እዚያው ትቶት መጣ።
አሥራ አራት ቁጥር ሰጡት፤ ከዳር ይቀመጣል፣
ብርድ ልብሱን ጭኑ ላይ ጥሎ።
አሠልጣኙ አንዳንዴ ዞር ብሎ ያየዋል፣
ከዚያ ደግሞ ሜዳውን ያያል።
በመጨረሻው እሑድ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ሊሞቅ ተነሣ፤
ፊሽካው ተነፋ። አለቀ።
ማታ የቆሸሹት ተቆልለው መጡልኝ፤
የእሱ ከላይ ነበር፣ ታጥፎ።
ራሱ እንዳጠፈው አወቅሁ፤ ወንድ ነው እንዲያ የሚያጥፈው።
«ወይዘሮ ሂዊትሰን፣ ይቅርታ» ብሎ ወጣ። ሌላ አልተናገረም።

ሁሉም እስኪሄዱ ጠበቅሁ። መብራቱ ጠፋ።
አሥራ አራትን በደረቴ ይዤ ሜዳው መሐል ገባሁ፣
በሽፍን ጫማዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ፤
ተንበረከክሁና ጭቃው ላይ አሸሁት፣
ትከሻውን፣ ክርኑን፣ ሆዱን፣
እሱ በሚወድቅበት በኩል።

ከዚያ ገብቼ ዘፈዘፍሁት፣
ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣
ጨው ጨምሬ።